ያልገደልኩት ባላባት

ቤታችሁ ብመጣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በሩን ፊት ለፊት የሚያየውን መቀመጫ ልቀቁልኝ። ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ መቀመጥ አልችልም። እህል አይወርድልኝም፤ ሻይ እንኳ ትን ይለኛል። የማያውቀኝ ሰው ወይ የድሮ ሽፍታ ወይ የደኅንነት ሰው እመስለዋለሁ። ሁለቱንም አይደለሁም። በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሻጭ ነበርኩ፤ ስኳር እየመዘንኩ ሳሙና የማድል ሰላማዊ ሰው። ይኼን አመል ያስያዘኝ አንድ የሕንድ ፊልም አክተር ነው። እሱ እኔን አያውቀኝም፤ ቢያውቀኝ ግን ይቅርታ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው ደሴ ነው። ለሱቁ ስኳር ላስጭን ሄጄ መኪናችን ተበላሸ። ሾፌሩ «ነገ ይሠራል» አለኝ፤ በማግስቱም «ነገ ይሠራል» አለኝ። እኔ ደግሞ ድሮም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንልኝም፤ እግሬን ይበላኛል። ከአራዳ ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር አራዳ ስመላለስ ዋልኩና ብርዱ ሲጠናብኝ ሲኒማ ቤት ገባሁ። የሕንድ ፊልም ነበር።

አክተሩ ገና ፊልሙ ሲጀመር ሰው ይገድልና ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መሸሽ ነው። ሲበላ ዞር ብሎ ያያል፤ ሲጠጣ ዞር ብሎ ያያል፤ ልጅቷን ይዞ ከዛፍ ዛፍ እየዘፈነ ሲሯሯጥ እንኳ ድንገት ዘፈኑን ቆም አድርጎ ዞር ብሎ ያያል። ያን ዓይን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከቋንቋው አንድ ቃል አይገባኝም፤ ዓይኑ ግን በአማርኛ ነበር የሚያወራኝ።

ከጎኔ የተቀመጠው የደሴ ሰው ፊልሙን ደጋግሞ አይቶት ኖሮ፣ የሚመጣውን ሁሉ ቀድሞ ሲነግረኝ ቆየና በመጨረሻ ጠጋ ብሎ ምሥጢሩን አጫወተኝ። አክተሩ ይኼን ፊልም ከመሥራቱ በፊት ከእውነተኛ ሽፍቶች ጋር ዋሻ ውስጥ ከርሟል አለኝ። አልጋ ላይ አልተኛም፣ ጸጉሩን አልነካም፣ ከዘመድ አልተገናኘም፤ ሲመለስ የወለደችው እናቱ እንኳ አላወቀችውም። ከየት ሰማህ አላልኩትም። ሲኒማ ቤት ውስጥ ማስረጃ መጠየቅ ነውር ነው። እንባዬ መጣ። ለሙያው እንዲህ የሚሆን ሰው አለ፤ እኔስ አልኩ።

እኔስ ያልኩት በከንቱ አይደለም። እኔም በአቅሜ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አባል ነበርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝግጅቴ ጉሮሮዬን መጥረግ ብቻ ነበር። ለአብዮት በዓል ደግሞ ትልቅ ቲያትር ተደግሷል። የጻፈው መምህር ታደለ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ የቆቦ ሙቀት ድንጋይ ሲያፈላ እሱ ሹራቡን የማያወልቅ ሰው። በቲያትሩ እኔ ጭሰኛ ነኝ። መሬቴን የቀማኝን ባላባት በማጭድ እገድልና ጫካ እገባለሁ፤ ጫካ ውስጥ እንደዚያ አክተር ዞር እያልኩ አያለሁ፤ ከዚያ አብዮቱ ይፈነዳና እወርዳለሁ። ባላባቱን የሚሠራው ልብስ ሰፊው በሪሁን ነው።

ያን ሰሞን ሰዓዳን አጭቼ ነበር፤ የጎብዬዋን፣ የአያ ይማምን ልጅ። ማሽላው ታጭዶ ሲገባ ሊሆን ሠርጉ ተቆርጧል። አያ ይማም ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ቶሎ አያምኑም፣ አንዴ ያመኑትንም ቶሎ አይለቁም። ይኼን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የማወራችሁ ሁሉ እሷን እንዳላጣ የተራወጥኩት መራወጥ ነው።

ከደሴ እንደተመለስኩ ሥራ ጀመርኩ። ዋሻ ቆቦ የለም፤ ዋሻ ፍለጋ ሱቁን ዘግቼ ልሂድ ብል ደግሞ ስኳር ጠባቂው ሕዝብ ይበላኛል። ስለዚህ እዚያው ባለሁበት ደም ያለበት ሰው ሆንኩ። በኛ አገር ደም ያለበት ሰው የታወቀ ነው። ጀርባውን ለበር አይሰጥም። ገበያ አይወጣም። በሄደበት መንገድ አይመለስም። ጸጉሩን ያሳድጋል። ሰው ቤት ውሃ ቢሰጡት ከመጠጣቱ በፊት ማን እንደቀዳው ይጠይቃል። ይኼን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። የዘነጋሁት ነገር ቢኖር ቆቦም እንደሚያውቀው ነው።

ሚዛኑን ከመስኮቱ አንስቼ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁት። ስኳር ስመዝን አንድ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ፣ አንዱ በሩ ላይ ሆነ፤ የዚያን ሰሞን ቆቦ ላይ ስኳር የተትረፈረፈለትም የጎደለበትም ሰው አለ። አንዲት ሴትዮ ጣሳ ቢወድቅባቸው ከጆንያው ኋላ ዘልዬ ገባሁ። ስወጣ ጣሳቸውን ትተው ሄደዋል። ማታ ማታ ወደ ቤት በማሽላው እርሻ ዞሬ ስገባ የሰው ውሻ ሱሪዬን ዘነጠለው። በሪሁን ጋ ላሰፋ ወስጄ ምን እንደሆነ ነገርኩት። መሬት ላይ ነበር የምተኛው። እንቅልፍም አልነበረኝም፤ ስገላበጥ ይነጋል፣ ሲነጋ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ። መጀመሪያ ልምምድ ነበር። ቆይቶ ግን ቁጭ ልበል ብልም እምቢ አለኝ።

ማንም መጥቶ የጠየቀኝ የለም። የኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም፤ ያያል፣ ይገምታል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ሳሙና ሊወስድ የመጣ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽር፣ አላህ ያበርደዋል» ብሎኝ ይወጣል። እኔ ሙቀቱን መስሎኝ አሜን ስል ከረምኩ።

በመጨረሻ የጠየቀችኝ እናቴ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢውን ስዞር መንገዴ ላይ ቆመችና እጄን ያዘችኝ።

«ማንን ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ልጄ፣ የገደልከው ማንን ነው?»

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። ማንንም አልገደልኩም ማለት ምን ያቅታል? ነገር ግን ያ አክተር እናቱ ይኼንኑ ስትጠይቀው መልስ አልሰጠም ነበር። ዝም ብሎ አሻግሮ ተራራውን አየ፤ ሲኒማ ቤቱም አለቀሰ። እኔም ከእናቴ ራስ በላይ የዞብልን ተራራ አሻግሬ አየሁ። እንዴት እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ መሬት ላይ ዝርግት አለች። አይ ሞኝነቴ፤ ያኔም እኮ ልቤ «አሁን ገና ገባህ» እያለ ያመሰግነኛል።

በማግስቱ አጎቶቼ ከሮቢት ወገን ከነጠመንጃቸው መጡ። አንዳቸውም ምን ሆነህ አላሉኝም። አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ጓሮ ተቀመጠ፤ ታላቁ ደግሞ ሱቅ ድረስ ይከተለኝ ጀመር። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ቀድሞኝ ገብቶ ያያል። ቲያትር ነው ብላቸው «እሺ» አሉኝ፤ እሺ ብለው ጠመንጃቸውን ወለወሉ። የዚያኑ ቀን ከጎብዬ አንድ ሽማግሌ የአያ ይማምን ቃል ይዘው መጡ። ደም ባለበት ቤት ልጄን አልሰጥም፣ ሠርጉ ይቅር ብለዋል።

አክተሩም ዓይኑም ከራሴ በነው ጠፉ። በመጀመሪያው መኪና ጎብዬ ወረድኩ። ንጹሕ ሰው መሆኔን ላስረዳ የሄድኩት፣ ልብ በሉ፣ ሦስት ጠመንጃ የያዙ አጎቶቼን አስከትዬ ነው። ታላቁ አጎቴ የአያ ይማምን ጣሪያ ዞሮ አይቶ «ግቡ» አለን፤ ለባለቤቱ ጭምር ነው። አያ ይማም ቁጭ በል አሉኝ። አንድ ሙሉ ቤት ባዶ መቀመጫ እያለ እኔ ሄጄ ጥግ ላይ፣ በሩን ፊት ለፊት ከሚያየው በርጩማ ላይ ተለጠፍኩ። ያኔ እንኳ አልገባኝም። ቲያትር መሆኑን ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ ደሴ፣ ስለ ሕንዱ፣ ስለ መምህሩ። እየሰሙኝ ነበር። መሃል ላይ ሰዓዳ ውሃ ይዛ ገባች። ጣሳውን ተቀበልኩና አፌ ብቻውን ተናገረ።

«ማን ቀዳው?»

«እኔ ነኛ» አለች ሰዓዳ።

አያ ይማም ዓይናቸውን ከኔ ላይ ሳያነሱ «ልጄ» አሉኝ፣ «ቲያትር የሚሠራ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። አንተን ስትዘፍን ያየህ የለም።» ስወጣ ሰዓዳ እስከ አጥሩ ተከተለችኝ። እሷ ነገሩን ገና ውሃው ላይ አውቃዋለች፤ ሳቋን አፍና ነው የቆመችው። ግን ሳቁ ወዲያው ጠፋ። «እኔ አምኜሃለሁ» አለችኝ፣ «የምሰጠው ግን አባቴ ነው። እሱን አሳምነው። ካልሆነ ማሽላው ሲገባ ለሌላ ነኝ።»

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። መኪናው ላይ ስነሳና ስቀመጥ ረዳቱ «ውረድና ሂድበት» ብሎኛል። ቆቦ እንደደረስኩ በቀጥታ አባጋሩ ቤት ሄድኩ። አባጋር የምንላቸው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ገዳይና የሟች ወገን በሳቸው ፊት ነው የሚታረቀው። ጫታቸውን እየቀነጠሱ ሰሙኝና መጠየቅ ጀመሩ። ሟቹ ማን ይባላል አሉኝ። ስም የለውም፣ ባላባቱ ነው የሚባለው አልኳቸው። የት ሞተ አሉኝ። ገና አልሞተም፣ የሚሞተው ለበዓሉ ነው አልኳቸው። ቅጠሉ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ለሕዝብ ተናግረህ ነው የምትገድለው?»

«መግቢያው በነፃ ነው» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱ ግን ፊታቸው እንደገና የሽማግሌ ፊት ሆነ።

«ሐሰት ነው ብዬ ባስወራልህ የሚያምነኝ የለም» አሉ። «ሰዉ በዓይኑ ነው ያየህ። ደም እንዳለብህ አሳይተኸዋል፤ አሁን ደግሞ ስትታረቅ አሳየው። የሟቹን ወገን አምጣልኝ።»

ወገን ከየት ላምጣ? እሳቸው ግን አሰቡበት፤ ሰውዬውን ያስገኘው ማን ነው አሉ። መምህር ታደለ ነው የጻፈው አልኳቸው። እንግዲያ አባቱ እሱ ነው ብለው ፈረዱ።

መምህር ታደለ መጀመሪያ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ረዘም ያለ ንግግር አደረገልኝ። አጎቶቼ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በትዕግሥት አዳመጡት። ሲጨርስ የሟች አባት ለመሆን ተስማማ።

ዕርቁ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሾላ ሥር ሆነ። ቆቦ ወጣ፣ ሮቢት መጣ፣ አያ ይማምም ከጎብዬ መጥተው ከፊት ተቀመጡ። አባጋሩ አልዋሹም፤ ሟቹ የመምህሩ ባላባት ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። ባላባት የሚለውን የሰማ ሁሉ ከባድ ደም ነው ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ ወደ መምህሩ ሄድኩ። መምህሩ ይቅር ብያለሁ ብሎ ዝም ማለት ነበረበት። ነገር ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ምን እንደነካው አላውቅም፣ በሹራቡ እጅጌ ፊቱን ሸፍኖ «አንድ ልጄ ነበር» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ተቀበሉት። አጎቶቼም አለቀሱ። ከአንድ ጣሳ ውሃ ጠጣን፤ ማን እንደቀዳው አልጠየቅኩም። በመጨረሻ በዚያ ባላባት ላይ ዳግመኛ እጄን ላላነሳ በአላህ ስም ማልኩ።

አያ ይማም መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። ሠርጉ እንደ ድሮው ነው አሉ። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ቀጠሉ።

«ቲያትር ነው ያልከኝንም መጥቼ አየዋለሁ። መሐላ መሐላ ነው፣ ለጨዋታም ይማል ለእውነት። ስትጠብቀው ልይና ልጄን ውሰድ።»

ድንጋዩን ከአንገቴ ካወረዱልኝ በኋላ ነው የከበደኝ። የማልኩት እኮ እንዳልገድል ነው፤ የምገድለውም በዚያው ሳምንት ነው። መምህሩን ባየው እሱም ሹራቡን እያወለቀ ነው፤ ሹራቡን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተያይዘን ቲያትሩን የሚፈቅደው የቀበሌው ካድሬ ጋ ሄድንና ጭሰኛው ባላባቱን ይቅር ቢለውስ ብለን በትህትና ሐሳብ አቀረብን። ካድሬው ረጋ ብሎ «ይቅር የሚባል ባላባት ካለ እኔ ቆቦ ምን እሠራለሁ?» አለን። ቀጥሎም ሐሳቡ ከሁለታችን የማንኛችን እንደሆነ ጠየቀ። የማናችንም አይደለም ብለን ወጣን። እስከ በዓሉ ድረስ እህል አልቀመስኩም። ቆቦን ከዳር ዳር እየዞርኩ እግሬ ተላጠ። ብገድል ሰዓዳን አጣለሁ፤ ባልገድል ሌላውን ነገር አስቡት።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቆርቆሮው ከፀሐይ ብዛት ይንጣጣል። በግራ በኩል ከፊት ካድሬው፣ በቀኝ በኩል ከፊት አያ ይማምና አባጋሩ። ሰዓዳ ከሴቶቹ መሃል ናት። በሪሁን ባላባት ሆኖ በካባ ወጣ። ስለ በሪሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሞቱን ሲለማመድ ነው የከረመው። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ደንበኛ ሁሉ በሪሁን ሲሞት ሳያይ አይወጣም ነበር። ካባው ውስጥ ደረቱ ላይ በቀይ ቀለም የተሞላች ከረጢት በእጁ ሰፍቶ ደብቋል፤ ማጭዱ ሲነካት ትፈርጣለች።

ሰዓቱ ደረሰ። መሬቴን ቀማኝ፣ ሰደበኝ፣ በዱላ ነካኝ። ማጭዴን አነሳሁ። እዚያው አየር ላይ ቀረ።

አያ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በግራ በኩል ደግሞ ካድሬው ወንበሩ ላይ ተቃና። አዳራሹ ትወና መስሎት አንገቱን አሰገገ።

«ምታኝ» አለኝ በሪሁን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ምያለሁ።»

በሪሁን አየኝ። ዕርቁን ያውቃል፤ ሾላው ሥር እሱም ነበር። ግን ቀለሙን ደረቱ ላይ እንደያዘ ሳይሞት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ዓይኑን ማጭዱ ላይ ተከለ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ደረቱን በሁለት እጁ ያዘና ከረጢቷን ራሱ አፈረጣት። ቀለሙ ሲፈስ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ተነፈሰ። ዞረ፣ ተንገዳገደ፣ «ርስቴን» አለ፣ ወደቀ። አበቃ ስንል ተነሳ፤ መድረኩን አቋርጦ እኔ እግር ሥር መጥቶ እንደገና ወደቀ። አንድ እግሩ ለብቻው ጥቂት ተንፈራገጠና ቆመ። እኔ ማጭዴን እንደሰቀልኩ ነኝ፤ ዝንብ እንኳ አልነካሁም።

መጀመሪያ የተነሳው ካድሬው ነው። ነፍሴ ከእግሬ ሥር ወጣች። እሱ ግን ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ይኼ ቲያትር የባላባቱ ሥርዓት የሰፊውን ሕዝብ ቁጣ ገና ከሩቅ ሲያይ በራሱ ተንኮታኩቶ እንደሚወድቅ ያስተምረናል ብሎ ማብራራት ጀመረ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ካድሬው ንግግሩ ጣመውና ቲያትሩን እዚያው ላይ ዘጋው። በቀኝ በኩል አባጋሩ ወደ አያ ይማም ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ይኼ የአላህ ሞት ነው፣ የሰው እጅ የለበትም አሏቸው። አያ ይማም አሰቡበት፤ ወደኔ አይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያ ሁሉ የጫካ ክፍል ሳይታይ ቀረ። ያልገደለ ሰው ምን ቆርጦት ጫካ ይገባል? ስንት ሌሊት መሬት ላይ የተገላበጥኩለት፣ ውሻ ሱሪዬን የዘነጠለብኝ፣ እናቴን በድንጋጤ ልገድልበት የነበረው ያ ዞር ብሎ ማየት አንድም ቀን መድረክ አላየም። የቆቦ ሰው ዛሬም የሚያወራው ስለ በሪሁን ሞት ነው። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት።

ማሽላው ገባ። ሠርጉ ሆነ። አጎቶቼ ጠመንጃቸውን በር ላይ ደርድረው ጨፈሩ። ሰዓዳን አምጥተው ከጎኔ ሲያስቀምጧት፣ ላጣት ተቃርቤ እንደነበር ትዝ አለኝ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፤ አልያዝኩትም። ይኼን ጊዜ ታዳሚው አጨበጨበልኝ። በሪሁን ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ አንገትህን ትንሽ ቀና አድርገው፣ ሰው ፊትህን ይይ አለኝ። አያ ይማም ደግሞ ይኼ የየትኛው ቲያትር ነው ብለው መምህር ታደለን ሲጠይቁት ሰማሁ።

ወደ ሰዓዳ ዞርኩ። ከነጠላዋ ሥር ስታጠናኝ ኖራለች።

«እውነትህን ነው?» አለችኝ።

«ወላሂ፣ እውነቴን ነው።»

እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና፣ ቀስ ብላ፣ «ከቲያትሩ ያንሳል» አለችኝ።